አንድሬይ ኮልሞጎሮቭ

አንድሬይ ኒኮላየቪች ኮልሞጎሮቭ (ኤፕሪል 25 ቀን 1903 – ኦክቶበር 20 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.) ሩሲያዊ የሒሳብ ሊቅ ነበር። ለዘመናዊው የፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) ትምህርት መሠረት የጣለ ሲሆን፣ ዘፈቀዳዊነትን በፕሮግራም ርዝመት የሚለካ ትርጉም በማቅረቡም ይታወቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወቱ

የተወለደው በታምቦቭ ከተማ ነው። እናቱ እሱን ስትወልድ ስለሞተች፣ አክስቱ ቬራ በያሮስላቭል አቅራቢያ በምትገኘው በቱኖሽና አሳደገችው። በ1920 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1931 እዚያው ፕሮፌሰር ሆነ። በ1963 የሒሳብና የፊዚክስ ተሰጥኦ ላላቸው ወጣቶች በሞስኮ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ረድቷል። ያረፈው በሞስኮ ሲሆን የተቀበረውም በኖቮዴቪቺ መቃብር ነው።

ያልተመለሰው ጥያቄ

በ1933 በጀርመንኛ ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ ፕሮባቢሊቲን በጥቂት አክሲየሞች ላይ አቆመው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ሳንቲም 20 ጊዜ ቢወረወር ሁሉም ዘውድ የመሆኑ ዕድል 1/1,048,576 ነው። ዘውድና ጎፈር የተደባለቁበት ማንኛውም የተወሰነ ቅደም ተከተል ዕድሉም ያው ነው። ታዲያ ሰው የመጀመሪያውን ሲያይ ሳንቲሙን የሚጠረጥረው ለምንድን ነው? አክሲየሞቹ ይህን አይመልሱም።

የአልጎሪዝም ዘፈቀዳዊነት

ኮልሞጎሮቭ መልሱን ያቀረበው ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ1965 ነው። በእሱ ትርጉም የአንድ የአሃዝ ሰንሰለት ውስብስብነት ሰንሰለቱን ጽፎ የሚቆም ከሁሉ አጭሩ ፕሮግራም ርዝመት ነው። 10 ለ500 ጊዜ የተደጋገመበት ሰንሰለት 1,000 አሃዝ ቢኖረውም በአንድ መስመር ፕሮግራም ይጻፋል። የፓይ አሃዞችም ሥርዓት የሌላቸው ቢመስሉም አጭር ፕሮግራም ያወጣቸዋል። ዘፈቀዳዊ የሚባለው ከራሱ ጉልህ በሆነ መጠን ባጠረ ፕሮግራም ሊጻፍ የማይችለው ሰንሰለት ነው። ሬይ ሶሎሞኖፍ ቀደም ብሎ፣ ግሪጎሪ ቻይቲን ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ በየግላቸው ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል። በሞስኮ ከኮልሞጎሮቭ ዘንድ የተማረው ስዊድናዊው ፔር ማርቲን-ሎፍ ማብቂያ ለሌላቸው ሰንሰለቶች የሚሆን ትርጉም በ1966 አሳተመ።

ልኬቱ ወሰን አለው፤ የማንኛውንም ሰንሰለት ውስብስብነት አስልቶ የሚሰጥ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። አንድ ሰንሰለት አጭር ፕሮግራም እንዳለው ፕሮግራሙን በመጻፍ ማሳየት ይቻላል፤ እንደሌለው ማረጋገጫ የሚሰጥ አጠቃላይ ዘዴ ግን የለም።

ከኢንትሮፒና ከኳንተም ጋር ያለው ግንኙነት

የሻነን ኢንትሮፒ የመልእክት ምንጭን ሲለካ፣ የኮልሞጎሮቭ ውስብስብነት አንዱን መልእክት ለብቻው ይመዝናል። በኳንተም ኢንፎርሜሽን የሻነንን ቦታ የያዘው የፎን ኖይማን ኢንትሮፒ ነው። ከ2000 ገደማ ጀምሮ ተመራማሪዎች የኮልሞጎሮቭን ልኬት ወደ ኪውቢት ለማሸጋገር የተለያዩ ትርጉሞችን አቅርበዋል።