ድምፆቹ ሳይለቋቸው በፍርድ ቤት የረቱት ዳኛ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 መጸው፣ ዳንኤል ፓውል ሽሬበር በጀርመኗ ድሬስደን ከተማ የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ችሎት ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። የ51 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። ሥራቸውን ከጀመሩ ብዙም ሳይቆዩ እንቅልፍ አጡ፤ ሁለት ወር ሳይሞላም ላይፕሲግ በሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ገቡ።

ሽሬበር የተወለዱት በዚችው በላይፕሲግ በ1842 ነው። አባታቸው በልጅ አስተዳደግ ላይ በጻፏቸው መጻሕፍት የታወቁ ሐኪም ነበሩ። ልጅየው ሕግ ተምረው በዳኝነት ማዕረግ ከፍ ከፍ አሉ። በ1884 ለጀርመን ምክር ቤት ተወዳድረው ከተሸነፉ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ታመሙ፤ በወራት ሕክምናም አገግመው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሁለተኛው ሕመም ግን ሌላ ነበር። ሌት ተቀን የማያቋርጡ ድምፆች ይሰሟቸው ጀመር። ድምፆቹ ስማቸውን እያሳነሱ ይጠሯቸዋል፤ በማዕረጋቸውም ይሳለቃሉ። ዐረፍተ ነገር ጀምረው ሳይጨርሱ ይተዉና ቀሪውን እንዲሞሉ ያስገድዷቸዋል። ሽሬበር የራሳቸውን ሞት የሚገልጽ ዜና በጋዜጣ ያነበቡ መሰላቸው። በዙሪያቸው ያሉትም ሰዎች እውነተኛ ሰዎች ሳይሆኑ ለቅጽበት ብቻ የተሠሩ ጥላዎች ሆነው ታዩዋቸው። ያከበሩት ዳኛም ሆነ ያከብሩት የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሰው ተራ ወጣ።

በ1894 በፒርና ከተማ አጠገብ ወዳለው የዞነንሽታይን ተቋም ተዛወሩ። ድምፆቹን ለመቋቋም ፒያኖ ይጫወቱ፣ በቃል ያጠኗቸውን ግጥሞች በልባቸው ያነበንቡ፣ ቁጥር ይቆጥሩ ነበር። ከፈቃዳቸው ውጭ በሚያመልጣቸው ከባድ ጩኸት ምክንያት ግን ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ሌሊቱን ለብቻቸው በተዘጋ ክፍል እንዲያድሩ ተደረገ።

ሕጉም ከድምፆቹ ባልተናነሰ አሳነሳቸው። በ1900 ፍርድ ቤት በአእምሮ ሕመም ምክንያት በፍርድ የተከለከሉ ሰው ናቸው ሲል ወሰነ። ትናንት በሌሎች መብት ላይ ሲፈርዱ የነበሩት ዳኛ በገዛ ንብረታቸውና በመኖሪያ ቦታቸው ላይ እንኳ የመወሰን ሥልጣን አጡ።

ሽሬበር ይግባኝ አሉ፤ መከራከሪያቸውንም ራሳቸው ጻፉ። ድምፆቹን እንደሚሰሙ አልካዱም፤ እምነታቸውንም አልደበቁም። ክርክራቸው አንድ ነበር፦ መታመማቸው ጉዳያቸውን ማስተዳደር አለመቻላቸውን አያሳይም። የተቋሙ ዳይሬክተር ዶክተር ጊዶ ቬበር ክልከላውን የሚደግፍ የባለሙያ አስተያየት ለፍርድ ቤት አቀረቡ። እኚሁ ሐኪም ግን ሽሬበር ከቤተሰባቸው ጋር በማዕድ ሲቀመጡ ጨዋና አዋቂ ሰው መሆናቸውን መስክረዋል።

በሐምሌ 1902 የድሬስደን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክልከላውን አነሳ። ዳኞቹ ሽሬበር መታመማቸውን አልተጠራጠሩም፤ ሕመሙ ብቻውን መብታቸውን ለመግፈፍ እንደማይበቃ ግን ፈረዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከተቋሙ ወጡ። በ1903 የሕመማቸውን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። ሲግመንድ ፍሮይድ አግኝተዋቸው ሳያውቁ፣ በዚሁ መጽሐፍ ላይ ተመሥርተው በ1911 ታዋቂ ጥናት ጻፉ።

ሽሬበር ከባለቤታቸውና ከማደጎ ልጃቸው ጋር ጥቂት የሰላም ዓመታት ኖሩ። በ1907 እናታቸው ሞቱ፤ ባለቤታቸውም በጠና ታመሙ። እሳቸውም ዳግም ሕመሙ ተነስቶባቸው ሚያዝያ 1911 በላይፕሲግ አቅራቢያ በሚገኝ ተቋም አረፉ።

ሽሬበር የተከራከሩበት ዞነንሽታይን ከዚያ በኋላ ሌላ ታሪክ አለው። በ1940 እና በ1941 ናዚዎች በዚያ ሥፍራ ከ13 ሺህ በላይ የአእምሮ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞችን በጋዝ ገደሉ። እነዚህ ሕሙማን ይግባኝ የሚሉበት ችሎት አልነበራቸውም። ዛሬ በሥፍራው መታሰቢያቸው ቆሟል።