ትጉህ እጅና መራራ ምላስ፤ የሄሮኒሞስ ታሪክ

ሄሮኒሞስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ347 ዓመት ገደማ ስትሪዶን በምትባል ከተማ ተወለደ። በዚያ ዘመን ማተሚያ ስላልነበረ ቅዱሳት መጻሕፍት በእጅ ይገለበጡ ነበር፤ ጸሓፊው ሲያንቀላፋ ቃል ይዘል፥ ሲደፍርም ከራሱ ይጨምር ነበር። ስለዚህ በላቲን የተጻፉት ወንጌሎች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። በ382 ዓመት የሮም ጳጳስ ደማስዮስ ከጥንታውያን የግሪክ ቅጂዎች ጋራ አስተያይቶ እንዲያቀናቸው አዘዘው። ከዚያም በ386 ዓመት በቤተ ልሔም ተቀመጠ፤ ከአይሁድ መምህራንም ዕብራይስጥን አጥንቶ ብሉይ ኪዳንን እስከ 405 ዓመት ገደማ ተረጐመ።

ሕዝቡ ግን የለመደው ቃል ስለ ተለወጠ ተቈጣ። በሰሜን አፍሪካ በአንዲት ከተማ የዮናስ ቅል ሐረግ ተብላ ብትነበብ ምእመናን በኤጲስ ቆጶሳቸው ላይ ተነሡበት። ሄሮኒሞስ ሥራውን አልተወም፤ ነገር ግን ነቃፊዎቹን፥ የቀድሞ ወዳጁን ሩፊኖስንም ሳይቀር፥ በመራራ ቃል ወጋቸው። በ420 ዓመት ዐረፈ። ድካሙም ቩልጋታ በተባለው መጽሐፍ ገብቶ ከሺሕ ዓመት በላይ በምዕራብ አገሮች ተነበበ።

አንባቢ ሆይ፥ ትጋቱን ተከተል፤ የለመድኸውን ከጥንተ ምንጩ ጋራ ማስተያየትን አትፍራ። ምላሱን ግን አትከተል፤ የተሳሳተውን ቃል የሚያቀና ሰው ወንድሙን ሊሰብር አይገባውምና።