ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፡ ከምርኮኛነት እስከ ዳኝነት ወንበር

በኢትዮጵያ የፍርድ ታሪክ ስማቸው ከብልህ ዳኝነት ጋር ተያይዞ ከሚነሣ ሹማምንት መካከል ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። በፈረስ ስማቸው አባ መላ የሚባሉት እኒህ ሰው በ1840ዎቹ በጨቦ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው በምኒልክ ጦር ተማርከው ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት የገቡ ናቸው።

በምርኮ በገቡበት ግቢ በአገልግሎታቸውና በአስተዋይነታቸው ደረጃ በደረጃ ከፍ አሉ። ፊታውራሪ ገበየሁ በየካቲት 1888 ዓ.ም በአድዋ ሲወድቁ የእርሳቸውን ሹመት ተረከቡ። ወደ ቦረና የተደረገውን ዘመቻ መሩ። በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙም የጦር ሚኒስትር ሆኑ።

የፍርድ ሚኒስትርነቱ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ቢሰጥም፣ በዘመኑ ሥርዓት ማንኛውም ታላቅ ሹም በግዛቱ ዳኛም ስለነበር የፊታውራሪ ችሎት ከጦር ዝናቸው ባላነሰ ይታወቅ ነበር።

የዚያን ዘመን ሙግት ለድሀ ቀላል አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ችሎት ይሄዳሉ፤ ዋስ መጥራትና ለውርርድ የሚያዝ ሀብት ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። በበላ ልበልሃ ሙግት አንደበተ ርቱዕ የሆነው ወገን ብልጫ ሲያገኝ፣ ዋስና ገንዘብ የሌለው ወይም የችሎቱን ቋንቋ የማይናገር ሰው እውነት ይዞም ይረታ ነበር። የአባ መላ ችሎት በሕዝብ ዘንድ የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው። በቃል ሲወርዱ በመጡት ታሪኮች ውስጥ ፊታውራሪ ከተናጋሪው ቅልጥፍና ይልቅ የነገሩን ሥር የሚመረምሩ ዳኛ ሆነው ይታያሉ።

ይሁን እንጂ እርሳቸው ራሳቸው ሰፊ ርስትና ብዙ ጦር የነበራቸው ባለ ሥልጣን ነበሩ። ጌታው ዳኛም በሆነበት ሥርዓት ውስጥ በጌታው የተበደለ ገባር ወደ ማን ይሂድ የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም።

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም ከወሎ የመጣው የንጉሥ ሚካኤል ጦር ሰገሌ ላይ ድል ሲሆን ፊታውራሪ ከአሸናፊዎቹ የጦር መሪዎች አንዱ ነበሩ። ከዚያም ከንግሥት ዘውዲቱና ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር የመንግሥቱን ሥልጣን ሚዛን ጠብቀው ቆይተው በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም አረፉ። ጦራቸውና ርስታቸው ወደ ተፈሪ መኰንን ተላለፈ፤ በአንድ ሰው ብልህነት ላይ የቆመው ችሎት ግን ወራሽ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ የድሀው መብት ከዳኛው ቸርነት ወደ ሕግ እንዲሸጋገር ተደርጓል። በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው ያለ ክፍያ ክስ እንዲያቀርብ ፈቀደ። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል የተከሰሰ ሰው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት፣ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ በሚካሄድበት ጊዜም እንዲተረጐምለት ደነገገ። በ1992 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ እያንዳንዱ ጠበቃ ፍርድ ቤት የሚመራለትን ሰው ጨምሮ ለችግረኞች በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዘዘ።

የእነዚህ ድንጋጌዎች ፋይዳ የሚለካው ከሚሴን መቀመጫው ባደረገው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በመሳሰሉ አካባቢዎች ነው። ከባቲ ተነሥቶ በከሚሴ ወደሚያስችለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዋናው መንገድ የሚጓዝ አርሶ አደር ከዞኑ ወጥቶ በኮምቦልቻ መዞር አለበት። በዞኑ ችሎት በአፋን ኦሮሞ መከራከር መቻሉ በፊታውራሪ ዘመን ያልነበረ መብት ነው። የመጓጓዣውና የጠበቃው ወጪ ግን አሁንም ይጠብቀዋል፤ ፍርድ ቤቱ ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ካልመራው መብቱ በወረቀት ላይ ሊቀር ይችላል።

የአባ መላ ስም እስከ ዛሬ በበጎ የሚነሣው በደሉን የሚሰማው ዳኛ ማግኘት ለድሀ ብርቅ በነበረበት ዘመን በመፍረዳቸው ነው። ያ ብርቅ ነገር የየዕለት ሥራ እንዲሆን የማድረግ ኃላፊነት ዛሬ የተጣለው በፍርድ ቤቶች፣ በፍትሕ ተቋማትና በውስጣቸው በሚያገለግሉ ሠራተኞች ላይ ነው።