ቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒና የማልቤስ መንደር

አቡነ ዳንኤል ኮምቦኒ እ.ኤ.አ. በ1831 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣሊያ፣ ሊሞኔ በተባለች መንደር ተወለዱ። በ1877 የማዕከላዊ አፍሪካ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው ማዕረገ ጵጵስና ሲቀበሉ መንበራቸው ካርቱም፣ መንጋቸውም በሰፊው የሙስሊም ሕዝብ መካከል ቀስ በቀስ የሚበረክት ጥቂት ምእመን ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከባሪያ ነጋዴ እጅ የዳኑ ናቸው፤ ከጥምቀት በኋላ የሚመለሱበት ቤት፣ የሚጠጉበት ዘመድ አልነበራቸውም። ስለዚህ በኮርዶፋን፣ በኤል ኦቤይድ አቅራቢያ፣ ማልቤስ በተባለ ስፍራ ትዳር መሥርተው፣ መሬት እያረሱ፣ በአንድነት የሚጸልዩበት መንደር ተቆረቆረላቸው። ከአባታችን ብዙ ሥራ መካከል ትልቁ ይህ ይመስለናል፤ ያጠመቁትን ሰው ሜዳ ላይ አልተዉትምና።

በ1878 ድርቅና ረሃብ አገሩን መታው፤ ሚስዮናውያንም በወባ ረገፉ። በ1881 መሐመድ አሕመድ ራሱን መሐዲ ብሎ በመንግሥት ላይ ተነሣ። አቡነ ዳንኤል በዚያው ዓመት ኦክቶበር 10 ቀን በ50 ዓመታቸው ካርቱም ውስጥ ዐረፉ። በ1883 ኤል ኦቤይድ በመሐዲው እጅ ወደቀች፤ ካህናቱና ደናግሉ ተማረኩ። ከተማረኩት ሚስዮናውያን አንዱ የሆኑት አባ ዮሴፍ ኦርቫልደር በ1891 ከሁለት ደናግል ጋር ከኦምዱርማን አምልጠው፣ በግመል በረሃውን አቋርጠው ግብፅ ገቡ።