ጥላሁን ያለ ጥቅስ

ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት ስንገባ የመጀመሪያው የቤት ሥራችን በሕይወት የሌለ የአንድ ድምፃዊ ታሪክ መጻፍ ነበር። እኔ ጥላሁን ገሠሠን መረጥኩና አራት ገጽ ሞላሁ። መግቢያው ላይ ፕላቶን፣ መሀሉ ላይ ኒቼን፣ መዝጊያው ላይ ራሱን ጥላሁንን ጠቀስኩ። የጥላሁኑን ከጋዜጣ ነው የወሰድኩት፤ ጋዜጣው ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩም። የፕላቶው ደግሞ ስለ ሙዚቃና ነፍስ በየመጽሔቱ የሚዞረው አባባል ነው፤ ለካ እሱ በፕላቶ ጽሑፎች ውስጥ ጭራሽ የለም!

ታላቅ እህቴ መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ሥራዋ ቆመ፤ አሁን ከፓርኩ በር ፈንጠር ብላ ሻይ ታፈላለች። ጽሑፌን አንብባ ስትጨርስ፣ ይሄ ማርካ ብቻ ነው፣ ሸሚዙ የታለ አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ይናገራል፣ ሰውየው ግን ምን ሆኖ እንደኖረ አላገኘሁም አለች። አፈርኩ። እስቲ እንደገና ልሞክረው።

ጥላሁን በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። ወሊሶ አያቱ ዘንድ ሆኖ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማረ። አያቱ ትምህርቱን እንዲይዝ ይፈልጉ ነበር፤ የልጁ ልብ ግን ዘፈን ላይ ነው። የሀገር ፍቅር ከያንያን ወሊሶ መጥተው ሲጫወቱ ካየ በኋላማ መቀመጥ አልቻለም። ጠፍቶ በእግሩ ቱሉ ቦሎ ደረሰ፤ ዘመድ ይዞ መለሰው። አያቱ ቤት አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ፣ ጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ።

ሀገር ፍቅር ቀጠረው። ከዚያ ክቡር ዘበኛ ገባና ስሙ በአገሩ ናኘ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ መኮንኖች የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ እሱም ታሰረ። ከእስር ወጥቶ መዝፈኑን ቀጠለ፤ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር ሠራ። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። ስለ ረሃቡ የዘፈነው «ዋይ ዋይ ሲሉ» በሬዲዮ ሲመጣ እናታችን ዛሬም ቤቱን ጸጥ ታሰኛለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ስኳር ሕመም አንድ እግሩን አስቆረጠው፤ መድረኩን ግን አላስተወውም። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት አረፈ፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ይህንኑ ለእህቴ ሳነብላት ጭነት መኪናው ጋ ስደርስ፣ ሻይ ይጠጣ የነበረ አንድ ሹፌር ብርጭቆውን አስቀምጦ ጆሮውን ሰጠኝ። የፕላቶን ስም ባነሳ ይህን የሚያደርግ አይመስለኝም።

ጓደኞቼ፣ ጥቅስ አይጻፍ አልልም። ግን ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደተናገረው ካላወቅን ወሬ ነው። በሕይወት የሌለ ሰው ደግሞ አላልኩም ብሎ ማስተባበያ አይልክልንም።