ዝናውን ለሌሎች መሸሸጊያ ያደረገ ብስክሌተኛ

 ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሰው ሰባኪ ወይም ወንጌላዊ አልነበረም። ጂኖ ባርታሊ የሚባል ጣሊያናዊ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። ባርታሊ የካቶሊክ ምእመን ስለነበር በብዙ የአስተምህሮ ነጥቦች ከእርሱ ጋር እንደማንስማማ ታውቃላችሁ። ይሁን እንጂ ሕይወቱ ለእኛ ለወንጌላውያን አማኞች ከባድ ጥያቄ ያቀርብልናል፤ መልካም የምናደርገው ሰው እንዲያየን ነው ወይስ እግዚአብሔር ስለሚያይ? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በወይን ኮረብቶች መካከል

ባርታሊ ጁላይ 18 ቀን 1914 በፍሎረንስ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በፖንቴ አ ኤማ መንደር ተወለደ። አባቱ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ከመንደሩ በስተ ደቡብ የኪያንቲ ኮረብቶች ይጀምራሉ፤ የወይን ተክልና የወይራ ዛፍ የለበሱ፣ አንዱን ሲጨርሱት ሌላው የሚቀጥል ኮረብቶች ናቸው። በዚያ አገር ሜዳ መንገድ ብዙ አይገኝም። ልጁ በብስክሌት መጠገኛ ቤት እየሠራ በእነዚህ ዳገቶች ላይ እግሩን አጠነከረ። በ1931 መወዳደር ጀመረ፤ በ1935 ደግሞ ሙያው አደረገው።

1936 ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሐዘን ዓመት ነው። የሙሶሊኒ ጦር ሜይ 5 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ደግሞ ጣሊያንን የሚዞረው ታላቁ ውድድር፣ ጂሮ ዲ ኢታሊያ ተጀመረ፤ ያሸነፈውም የ21 ዓመቱ ባርታሊ ነበር። ደስታው ግን አልቆየለትም። በዚያው በጁን ወር፣ እንደ እርሱ ተወዳዳሪ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ጁሊዮ በውድድር ላይ በደረሰበት አደጋ ሞተ። ባርታሊ ልቡ ተሰብሮ ብስክሌትን ሊተው አሰበ። ሲመለስ ግን ከበፊቱ ይልቅ በጸሎት የተጋ ሰው ሆኖ ተመለሰ።

በ1937 ጂሮን ደገመ፤ በ1938 ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። የፋሺስት መንግሥት ስፖርተኞችን ለራሱ ክብር መጠቀሚያ ያደርግ ነበርና ጀግናው ዱቼን እንዲያሞግስ ይጠበቅ ነበር። ባርታሊ ግን ድሉን ለሙሶሊኒ አላበረከተም።

በኮርቻው ሥር የተደበቀው

በሴፕቴምበር 1943 የጀርመን ጦር ጣሊያንን ያዘ። አይሁድን ማደን ተጀመረ፤ የተያዙትም በባቡር ወደ ሞት ካምፖች ይጋዙ ነበር። በፍሎረንስ ሊቀ ጳጳሱ ካርዲናል ኤሊያ ዳላ ኮስታና የአይሁድ ማኅበረሰብ መሪ የነበሩት ረቢ ናታን ካሱቶ የሚታደኑትን የሚረዳ የምስጢር መረብ ዘረጉ። (ረቢው ራሳቸው በዚያው ዓመት ተይዘው ወደ አውሽቪትስ ተወስደዋል፤ በሕይወትም አልተመለሱም።) ሰዎቹ ለመትረፍ የሚያስፈልጋቸው የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት መታወቂያ ነበር። መታወቂያው በአሲዚ ከተማ፣ ሉዊጂ ብሪዚ በሚባል አታሚና በልጁ በትሬንቶ እጅ በድብቅ ይታተም ነበር። ታዲያ በየኬላው ወታደር በቆመበት ጊዜ ፎቶግራፉንና ሰነዱን ማን ያመላልስ?

ካርዲናሉ ባርታሊን ጠሩት። ከፍሎረንስ እስከ አሲዚ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ኮረብታ የበዛበት ነው። ባርታሊ ኮርቻውን ይነቅልና ፎቶግራፎቹንና ወረቀቶቹን ጠቅልሎ በብስክሌቱ ባዶ ቱቦ ውስጥ ይከታል፤ ኮርቻውን መልሶ ይገጥምና ይነሣል። ስሙ የተጻፈበትን ማሊያ ለብሶ የሚያየው ሁሉ ልምምድ ላይ ያለ መስሎት ያልፈዋል። ወታደሮች ሲያስቆሙት ከታዋቂው ሰው ጋር ማውራት ይፈልጋሉ። እርሱም እያንዳንዱ ክፍል ለሰውነቱ ተለክቶ የተስተካከለ ስለሆነ ብስክሌቱን እንዳይነኩበት ይለምናቸዋል።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ቆም ብለህ አስብ። ቢያዝ ኖሮ ሞት ይጠብቀው ነበር። ቤት ውስጥ ባለቤቱ አድሪያናና ገና ሕፃን የሆነ ልጁ አሉ። ከዚህም በላይ ጎልደንበርግ የሚባሉ የአይሁድ ቤተሰብ በፍሎረንስ ምድር ቤት ውስጥ ተደብቀው ከሞት እንዲተርፉ ረድቷል። በ1944 የፋሺስት ፖሊሶች ጠርጥረውት ሰው በሚሰቃይበት ቪላ ትሪስቴ በተባለ ቤት መረመሩት፤ ነገር ግን ተለቀቀ።

በተራሮቹ ላይ

ጦርነቱ ሲያበቃ ምርጥ ዘመኑ አልፎ ነበር። ሆኖም በ1946 ጂሮን ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ በ1948 ደግሞ ወደ ቱር ደ ፍራንስ ተመለሰ። ጋዜጦች አርጅቷል አሉት። ጁላይ 14 ቀን ተወዳዳሪዎቹ በካን ከተማ ዕረፍት ላይ ሳሉ ባርታሊ ከመሪው ከፈረንሳዊው ሉዊዞን ቦቤ ከ21 ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በዚያው ቀን ሮም ውስጥ የኮሚኒስት ፓርቲው መሪ ፓልሚሮ ቶልያቲ በጥይት ቆሰሉ፤ ጣሊያን በሥራ ማቆም አድማና በረብሻ ተናወጠች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አልቺዴ ዴ ጋስፔሪ ወደ ባርታሊ ደውለው እንዲያሸንፍ እንደለመኑት ይነገራል።

በማግስቱ መንገዱ 274 ኪሎ ሜትር ነበር፤ አሎስን፣ ቫርስንና ኢዞአርድን ማቋረጥ ነበረባቸው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ዳገት ምን እንደሆነ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ተራራ በብስክሌት፣ በአንድ ቀን፣ በብርድና በጭቃ ሦስት ጊዜ መውጣትን አስቡ። ኢዞአርድ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር ይቀራረባል። ባርታሊ ሁሉንም ቀድሞ ብሪያንሶን ገባ፤ የ21 ደቂቃው ልዩነት ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ ወረደ። በሚቀጥለው ቀን ጋሊቢየን አልፎ እንደገና አሸነፈና ቢጫውን ማሊያ ለበሰ። ፓሪስ ሲደርስ ሁለተኛውን ከ26 ደቂቃ በላይ ይበልጠው ነበር። ከመጀመሪያው የቱር ድሉ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ጣሊያንን ከእርስ በርስ ጦርነት ያዳናት እርሱ ነው የሚሉ ነበሩ። ይህ የተጋነነ ነው፤ ሕዝቡን እንዲረጋጋ የጠየቁት የቆሰሉት ቶልያቲ ራሳቸው ናቸው። የሆነ ሆኖ በዚያ ሳምንት የተጨነቀው ሕዝብ አብሮ የሚደሰትበት ነገር አገኘ።

የማይወራው ድል

ባርታሊ ስለ ውድድር ማውራት ይወድ ነበር። ስለ ሰነዶቹ ግን በአደባባይ አላወራም። መልካም ነገር ይሠራል እንጂ አይወራም የሚል አቋም ነበረው፤ ለልጁ ለአንድሬያ ጥቂት ሲነግረውም ለሌላ እንዳያወራ አደራ ብሎታል። ሜይ 5 ቀን 2000 በ85 ዓመቱ አረፈ። ያድ ቫሼም የተባለው የኢየሩሳሌም የመታሰቢያ ተቋም ምስክርነቶችን መርምሮ በ2013 ከአሕዛብ ጻድቃን አንዱ አድርጎ ሰየመው። እርሱ መዝገብ ስላልያዘ ስንት ሰው እንደተረፈ በእርግጠኝነት መቁጠር አይቻልም። አንዳንድ የታሪክ ምሁራንም ስለ መልእክተኛነቱ የተነገረውን ሁሉ አይቀበሉም። ዝም ብሎ የኖረ ሰው ታሪክ እንዲህ ነው።

ለእኛስ?

የምንድነው በጸጋ በእምነት እንጂ በሥራ አይደለም፤ ይህን አንለውጥም። ነገር ግን ያው የኤፌሶን ምዕራፍ 2 መልካሙን ሥራ ለማድረግ እንደተፈጠርን ይነግረናል። ጌታም የምንሰጠው ምጽዋት በስውር እንዲሆን አዝዟል (ማቴ. 6፥1-4)። ታዲያ አንድ ኩንታል ጤፍ ለመስጠት ባነር የምንዘረጋው፣ የተቸገረችውን እናት ፊት ፎቶ አንሥተን በፌስቡክና በቲክቶክ የምንለጥፈው ስለ ምንድን ነው? ዋጋችንን እዚሁ ተቀብለን እንዳንጨርስ እንጠንቀቅ።

ሌላም ነገር አለ። አብድዩ በአክዓብ ቤት አዛዥ ነበር፤ ሥልጣኑን ተጠቅሞ መቶ ነቢያትን በዋሻ ሸሸገ (1ኛ ነገ. 18)። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክም በቤተ መንግሥት የነበረውን ስፍራ ተጠቅሞ ኤርምያስን ከጕድጓድ አወጣ (ኤር. 38)። ባርታሊም ዝናውን እንዲሁ ለተሳደዱት መሸሸጊያ አደረገው። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ለአንተና ለአንቺስ የተሰጠው ምንድን ነው? የሥራ ቦታ ነው? የሚከበር ስም ነው? በስደት አገር ያገኘነው መኖሪያ ፈቃድ ነው? በእርሱ ጥላ ሥር ማን ሊያርፍ ይችላል?

በዚህ ሳምንት ለአንድ ሰው፣ ከእግዚአብሔር በቀር ማንም የማያውቀውን አንድ መልካም ነገር እናድርግ። ካደረግነውም በኋላ ዝም እንበል። በስውር የሚያይ አባታችን ይርዳን። አሜን።