ስለ መልካም ቃል፤ የዐፄ ዮሐንስ ሕይወት

አንባቢ ሆይ፤ ከጎንደር ወደ ምዕራብ ወርደህ፥ ቆላውን አቋርጠህ፥ ወደ ሱዳን ወሰን ስትደርስ መተማ ዮሐንስ የምትባለውን ከተማ ታገኛለህ። ይህን ስም ያገኘችው በዚያ ምድር ቆስለው ከሞቱት ከንጉሠ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ብዙ ሰው እኒህን ንጉሥ በጦርነታቸው ያስባቸዋል፤ እኛ ግን ዛሬ ቃላቸውን እንድታስብ እንለምንሃለን። ክርስቲያን ወደ እግዚአብሔር መቅረቡ በጾሙና በጸሎቱ ብቻ አይታወቅም፤ ለባልንጀራውና ለጠላቱ በሚናገረው ቃልም ይታወቃልና።

ዐፄ ዮሐንስ በ1829 ዓ.ም. በትግራይ ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው ካሣ ነበረ፤ አባታቸውም ሹም ተምቤን ምርጫ ነበሩ። በጥር ወር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ጫኑ። ሚስታቸው ጥበበ ሥላሴ ከሞቱ በኋላ ሌላ ሳያገቡ ኖሩ። በ1868 ዓ.ም. አገራቸውን ሊይዝ የመጣውን የግብጽን ጦር በጉንደትና በጉራ ድል ነሡ።

በ1870 ዓ.ም. ብዙ ሠራዊት አስከትለው ወደ ሸዋ ወረዱ፤ ምኒልክ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ብለው ይጠሩ ነበርና። ነገር ግን ጦሩ ሳይጋጠም ካህናት በመካከል ገብተው አስታረቋቸው። ምኒልክ እንደ አገሩ ልማድ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ለመኑ፤ ዐፄ ዮሐንስም ይቅር አሉ፤ የሸዋ ንጉሥ ብለውም ዘውድ ጫኑላቸው። ስንት እናት ልጇን በሕይወት እንዳገኘች አስተውል። ይህን ያደረገው የይቅርታ ቃል እንጂ ሰይፍ አልነበረም።

ዳሩ ግን የሰውን በጎነት ብቻ መናገር እውነት አይሆንም። በዚያው ዓመት ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደርጎ፥ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ንጉሡ በግድ አዘዙ። አንዳንዱ ከፍርሃት የተነሣ እሺ አለ፤ ሌላው ሸፈተ፤ ሌላውም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በትእዛዝ የታጠፈ ጉልበት የተመለሰ ልብ አይደለም፤ ወንጌልም በፍቅር ቃል እንጂ በማስፈራራት አይሰበክም።

ደግሞ ሌላ ነገር ስማ። በ1876 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በተደረገው ውል፥ ድርቡሾች የከበቧቸው የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ ምድር አልፈው ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ንጉሡ ፈቀዱ። በመተማ ተከቦ የነበረውም ጭፍራ በዚህ መንገድ ዳነ። እነዚህ ከጥቂት ዓመት በፊት የወጓቸው የግብጽ መንግሥት ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ይህ ውል የድርቡሾችን ጠላትነት አመጣባቸው። በጥር 1880 ዓ.ም. የአቡ አንጃ ጦር ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ሕዝቡንም ማርኮ ወሰደ።

በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ በጎጃም ንጉሥ በተክለ ሃይማኖት ላይ ተቈጥተው አገሩን አስዘረፉ። ቍጣው በንጉሥ ላይ ነበረ፤ የተራበው ግን ገበሬው ነው። በኋላ ግን ስላደረጉት ነገር እጅግ አዘኑ።

በዚያው ሰሞን ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ። በሁለቱ አገር ያለው ድኻና ንጹሕ ሰው በከንቱ እንዳይሞት፥ ይልቁንም ተስማምተው እንዲኖሩ ለመኑት። ጎንደርን ላቃጠለ ሰው እንዲህ ብሎ መጻፍ ቀላል አይደለም። አቡ አንጃ ግን የመለሰው ስድብ ነበር። እርሱ ወዲያው ታሞ ሞተ፤ በስፍራውም ዘኪ ቱማል ተተካ። ንጉሡም በዐቢይ ጾም ወደ መተማ ወረዱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ሠራዊታቸው የጠላትን አጥር ጥሶ ሊያሸንፍ ሲል በጥይት ቆሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ራሳቸው ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

እንግዲህ ያ መልካም ቃል ከንቱ ሆነ ትላለህን? አይደለም። ስድቡ በሰደበው ላይ ተጽፎ ቀረ፤ የሰላሙ ቃል ግን እስከ ዛሬ ለላኪው ይመሰክርለታል። መልካም ቃል የምንናገረው መልካም ምላሽ እንድናገኝ ብቻ አይደለም፤ የምናመልከው አምላክ መልካም ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ነገር ግን ወዳጄ ሆይ፤ በዚህ ታሪክ ልብን የሚወጋ ነገር አለ። ለውጭ ጠላት ስለ ድኻ ደም የጻፉት ንጉሥ፥ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብለው የገዛ ወገናቸውን የጎጃምን ድኻ አስዘርፈው ነበር። ቶሎ አትፍረድ፤ እኛም እንዲሁ ነን። በመሥሪያ ቤት ለሹም፥ በገበያ ለእንግዳ ቃላችን ማር ነው፤ ወደ ቤት ስንገባ ግን ለሚስታችን፥ ለልጃችን፥ ለአገልጋያችን እሬት ይሆናል። ተማሪ ለመምህሩ እጅ ነሥቶ ሲወጣ በድኻው ጓደኛው ላይ ይሳለቃል። በዚህ አንደበት እንዴት እንጸልያለን?

ስለዚህ ማለዳ ከሰው ጋር ሳትነጋገር አስቀድመህ ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገር። የያዕቆብን መልእክት 3ኛውን ምዕራፍ ገልጠህ አንብብ፤ የምላስን ነገር ያስተምርሃል። ሰው ሲሰድብህ ቍጣህ እስኪበርድ ዝም በል። በቤትህ ያስቀየምከው ካለ ዛሬ ሳይመሽ ሄደህ ይቅር በለኝ በለው፤ ጸጸት ከጥፋቱ ኋላ ይመጣል፤ የተዘረፈውንም ጎተራ አይሞላም። ለሩቁ ያለህን ትሕትና ለቅርቡ አትንፈገው። ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብ ሰው ከዕለት ወደ ዕለት ቃሉ ይለዝባል።

አንደበታችንን የፈጠረ አምላክ አንደበታችንን ይባርክልን፤ አሜን።